መልሱን ይዘው ችግር ለሚፈልጉት

ለመሥሪያ ቤት ዲጂታል አገልግሎት የሚቀርጹ ዲዛይነሮቻችን ምስጋና ሲያንሳቸው ነው። ኮምቦልቻ አዳራሽ ተከራይተው፣ ግድግዳውን ቢጫ ተለጣፊ ወረቀት አልብሰው፣ ከሻይ ዕረፍት በፊት የችግር መግለጫቸውን ያደርሱታል፦ «ችግሩ የወረፋ መተግበሪያ አለመኖሩ ነው።» መፍትሔው ችግሩ ውስጥ ስላለ ሌላ ማሰብ አያስፈልግም። የችግሩን ሥር ለማግኘት አምስት ጊዜ «ለምን?» የመጠየቅ፣ ከቶዮታ የመጣውን ዘዴም ያውቃሉ፤ አንዱን ጠይቀው አራቱን ከምሳ በኋላ ላለው ጊዜ ያቆዩታል።

ነገር የሚያበዛ ባለሙያ ቢሆን የመሥሪያ ቤቱ መስኮት አጠገብ ሁለት ቀን ይቆም ነበር። ቦታው ባቲ ከሆነ ደግሞ አንዱ ቀን የግድ ሰኞ መሆን አለበት ይላል፤ ገበያ የወጣው ገጠሬ ጉዳዩንም በዚያው ሊጨርስ ይመጣልና። ባለጉዳዩን ሁሉ ይጠይቃል፦ ከየት መጣህ? ስንተኛ መምጣትህ ነው? ስንት ደቂቃ ፈጀብህ? ካልተፈጸመልህስ ምን ጎደለ ተባልክ? እንዲህ ሲቆጥር ሰልፉን ያስረዘመው የሰው ብዛት ሳይሆን፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ጎድሎት «ነገ ና» የተባለው ሰው ተመልሶ መሰለፉ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ያኔ መፍትሔው በር ላይ የሚለጠፍ የሰነድ ዝርዝር ሆኖ ያርፈዋል። ለአንድ ወረቀት ማን በጀት ይፈቅዳል? መተግበሪያው ግን ከወረባቦ ወረዳ የመጣውን ሰው ቁጥር ሰጥቶ፣ በተራው ጠርቶ፣ በክብር «ነገ ና» ያስብለዋል።

የቅጹ ነገርማ አይነሳ! የልደት ቀን መምረጫው 12 ወር ብቻ ስላለው በጳጉሜን የተወለደ ሰው ገና አልተወለደም። የቀጠሮ መልእክቱ «8:00» ይላል፤ እናት ምሳቸውን በልተው፣ ቡናቸውን እስከ በረካ ጠጥተው በስምንት ሰዓት ከች ሲሉ ቀጠሮው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አልፏል። ለነገሩ ሰዓቱን ማየታቸውም ትልቅ ነገር ነው። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አጭር መልእክት አንዱ የሚይዘው 70 ፊደል ነው (በላቲን 160 ነው)፤ የመሥሪያ ቤቱ ሙሉ መጠሪያና «ክቡር ደንበኛችን» 70ውን ጠጥተውት፣ ሰዓቱ ወደ ሁለተኛው መልእክት ይሻገራል፤ ሂሳቡም እጥፍ።

ሰው አልጠቀም ሲል ዲዛይነሮቻችን እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም። ወዲያው አዲስ የችግር መግለጫ ይወጣል፦ «ችግሩ የተጠቃሚው ዲጂታል ግንዛቤ ማነስ ነው።» ሥልጠናም ተዘጋጅቷል፤ ምዝገባው በመተግበሪያው ብቻ ነው።