ክሊኒክና መድፍ በአንድ መስመር

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤታችን ዲሽ ሲዞር ቆሜ አየሁ። ሰፈሬ ደሴ ነው፣ ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈር ትንሽ ከፍ ብሎ። ልጁ ቆርቆሮው ላይ ተንበርክኮ ብሎኑን ፈታ። ያ ዲሽ ለዓመታት ፊቱን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጦሳ ተራራ አዙሮ ናይልሳት ሲስብ የኖረ ነው። አሁን ለጦሳ ጀርባውን ሰጠ። ወደ ምሥራቅ ዞሮ ሽቅብ ቀና አለ።

«ገባ እማማ?»

«ኧረ አልገባም! ቆይ፣ ቆይ... መጣ! መጣ!»

ልጁ ብሎኑን እያጠበቀ ሳለ እማማ በመስኮት ብቅ ብለው ጠየቁት። «ልጄ፣ ይሄ ሳተላይት የኛ ነው?»

«አዎ እማማ፣ ኢትዮሳት አይደል እንዴ!»

እኔ ዝም አልኩ። ደስ ብሏቸው ነበርና ደስታቸውን መንካት አልፈለግሁም። መልሱ ግን ልክ አልነበረም። የኢትዮሳት ቻናሎች የሚመጡት ኤንኤስኤስ 12 ከሚባል ሳተላይት ነው። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ቆሟል። ባለቤቱ ኤስኢኤስ የተባለ የሉክሰምበርግ ኩባንያ ነው። እኛ ተከራይ ነን።

ይኸው ኩባንያ ሌላም ደንበኛ አለው። ኤስኢኤስ ስፔስ ኤንድ ዲፌንስ የሚባል ክፍሉ ለአሜሪካ ጦር የሳተላይት መስመር ያቀርባል። በ2022 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ሥራ ለማስፋት ሌላ አቅራቢ ድርጅት በ450 ሚሊዮን ዶላር ገዝቷል። ይህን የምጽፈው ሰው ለማስደንገጥ አይደለም። የእማማ ድራማ ጦር አያዝም። ግን ሰማዩን የሚያከራዩን ኩባንያዎች ለማን ለማን እንደሚሠሩ ማወቅ አለብን። ነገ ከቴሌቪዥን አልፈን ኢንተርኔቱንም ከሰማይ ልንከራይ ነው። ለጊዜው ጉዳዩ የሩቅ ሊመስል ይችላል። ለደሴ ሰው ግን ሩቅ አይደለም።

ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ስልክ ጠፋ። መብራትም ጠፋ። እኔ እዚሁ ደሴ ፒያሳ ስልክ እየጠገንኩ ነው የምኖረው። ሱቄን ዘግቼ ቤት ተቀመጥኩ። ወንድሜ አዲስ አበባ ነበር። እናታችን በሕይወት ትኑር አትኑር የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። እሷ በየጠዋቱ የባትሪ ቁራጭ የቀረውን ስልኳን ከፍታ መስመሩን ታያለች። «ዛሬስ ገባ?» ትለኛለች። «አብሽሪ እማዬ፣ ይመጣል» እላታለሁ። አልመጣም። ህዳር 27 ከተማዋ ተመለሰች ተባለ። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የደወለልን ሰው ወንድሜ ነበር፤ ስልኩን ይዞ አለቀሰ እንጂ አላወራም።

ስለዚህ የኢሎን መስክን የሳተላይት ኢንተርኔት እያሰበ «ያኔ ስታርሊንክ ቢኖረን ኖሮ» የሚለው ሰው ስሜቱ ይገባኛል። እኔም ብዬዋለሁ። ከእኛ መከራ ሦስት ወር ሳይሞላ ዩክሬን ውስጥ የሆነውን ስከታተል ግን ነገሩ ሌላ መልክ እንዳለው አየሁ።

ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022፣ ሩሲያ ዩክሬንን በወረረችበት ማለዳ፣ ቪያሳት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኔትወርክ ተመታ። ሮኬት አልተተኮሰበትም። በኮምፒውተር ነው የተጠቃው። ኬኤ-ሳት በሚባለው ሳተላይቱ በኩል የዩክሬን ጦርም፣ ተራ ደንበኛም ይጠቀም ነበር። አጥቂዎቹ ሞደሞቹን የሚያስተዳድረው ሥርዓት ውስጥ ገብተው የሞደሞቹን ሜሞሪ የሚደመስስ ትዕዛዝ ላኩ። እኛ ጠጋኞች «ዴድ ሆነ» የምንለው ነገር ነው። ቻርጅ ብታደርገው አይበራ፣ ብትነካካው አይሰማ። አንድ ስልክ እንዲህ ሲሆን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ ፍላሽ አደርገዋለሁ። እዚያ ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሞደም ነው በአንድ ጠዋት የሞተው። ኩባንያው 30,000 ያህል ምትክ ሞደም ለመላክ ተገድዷል።

ከዚህ ሁሉ እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ነገር ነው። ጀርመን ውስጥ 5,800 የሚሆኑ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ከርቀት መቆጣጠሪያቸው ጋር ተቆራረጡ። ጦርነቱ ጀርመን ውስጥ አልነበረም። ማመንጫዎቹ የተገናኙት ግን የዩክሬን ጦር በሚጠቀምበት መስመር ነበር። አሜሪካ፣ ብሪታንያ እና የአውሮፓ ኅብረት ጥቃቱን ያደረሰችው ሩሲያ ናት ብለዋል። ለጀርመኑ ገበሬ መብራት የሚሰጠው ማሽን ለምን ከጦር ጋር አንድ ሽቦ ላይ ተንጠለጠለ? ማንስ ነገረው? እኔ የምጠይቀው ይህንን ነው።

ስታርሊንክ ዩክሬን የገባው ከዚያ በኋላ ነው። የዩክሬን ሚኒስትር ሚካይሎ ፌዶሮቭ ፌብሩዋሪ 26 ኢሎን መስክን በትዊተር ለመኑት። በሁለት ቀን ውስጥ ዕቃው ደረሰ። ሳተላይቶቹ 550 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚዞሩ የኢንተርኔታቸው ፍጥነት ከድሮዎቹ ጋር አይወዳደርም። ሆስፒታሉም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ምሽግ ውስጥ ያለው ወታደርም ያንኑ ዲሽ ተከለ። ብዙ ሕይወት እንዳዳነ አልጠራጠርም። ስልክ አጥቶ የከረመ ሰው ይህን አይክድም።

ግን ቁልፉ በማን እጅ እንደነበር አስታውሱ። የዩክሬን ባለሥልጣናት መስመሩ ሩሲያ እስከያዘችው ክራይሚያ ባሕር ዳርቻ እንዲከፈት ጠይቀው መስክ እንዳልፈቀደ ራሱ በሴፕቴምበር 2023 ተናግሯል። የትልቅ ጦርነት መባባስ ተባባሪ እንዳልሆን ብዬ ነው ብሏል። ውሳኔው ትክክል ነው የሚልም አለ፣ ስህተት ነው የሚልም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ውሳኔው ራሱ አይደለም። ማንም ያልመረጠው አንድ ነጋዴ ሊወስነው መቻሉ ነው። በዚያው ዓመት ከዚሁ ኩባንያ ለጦር የተለየ ስታርሺልድ የሚባል አገልግሎት የአሜሪካ የህዋ ኃይል እስከ 70 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ውል ያዘ። ጁላይ 24 ቀን 2025 ደግሞ ኩባንያው ውስጥ በተፈጠረ የሶፍትዌር ችግር ስታርሊንክ በዓለም ዙሪያ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ጠፋ። የዩክሬን ግንባር መስመርም አብሮ ጠፋ። ጠላት እጁን እንኳ አላነሳም።

በኦክቶበር 2022 የሩሲያው ዲፕሎማት ኮንስታንቲን ቮሮንትሶቭ በተባበሩት መንግሥታት መድረክ በግልጽ ተናገሩ። ለጦር የሚያገለግል የሲቪል የህዋ መሣሪያ የአጸፋ ዒላማ ሊሆን ይችላል አሉ። ንግግሩ ያስፈራል። ሕጉን ስታዩት ግን ከባዶ የመጣ አይደለም። በ1977 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮል፣ ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት፣ አንድ ዕቃ ዒላማ የሚሆነው በስሙ ሳይሆን በሚሰጠው አገልግሎት ነው ይላል። ለጦር ጉልህ አስተዋጽኦ ካደረገ፣ መመታቱም ግልጽ የጦር ጥቅም ካስገኘ፣ ሊመታ ይችላል። በሰላማዊ ሰው ላይ የሚደርሰው ጉዳት መመዘን አለበት፣ እሱም ተጽፏል። ግን ሚዛኑን የሚይዘው መቺው ነው።

እዚህ ላይ ደሴ የምታስታውሰው ነገር አለ። ህዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማችንን ደበደቡ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ደሴ ነበሩ። ጦሩም ከተማዋ ውስጥ ሰፍሯል። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ። ምልክቱ አላዳነውም። ግን ምልክቱ ስለነበረ ዓለም ወንጀሉን ወንጀል ብሎ ለመጥራት ቻለ። ማንም «ሆስፒታል መሆኑን አላየንም» ብሎ በቀላሉ ሊያመልጥ አልቻለም።

ዛሬ ጣሪያ ላይ የሚተከል ዲሽ እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። የጤና ጣቢያው ዲሽና የጦር ካምፑ ዲሽ አንድ ናቸው። አንድ ዓይነት ፕላስቲክ፣ አንድ ዓይነት ጨረር፣ አንድ ሳተላይት። የዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ይህ ገብቶት «ዲጂታል ምልክት» የሚል ሐሳብ ይዞ እየሠራ ነው። የሆስፒታል ኮምፒውተርና መስመር በሩቅ ሆኖ «እኔ ሆስፒታል ነኝ» እንዲል ማለት ነው። የ1928ቱ መስቀል ወደ ሽቦ ውስጥ ገባ እንደማለት። በጣም ደስ ያለኝ ሐሳብ ነው። ግን ሆስፒታሉና መድፉ አንድ መስመር ላይ ካሉ ምልክቱ ብቻውን ምን ያደርጋል?

አንዳንድ ሰው «ያለ ጦር ገንዘብ ሳተላይት የለም» ይለኛል። እውነት አለው። ኢሪዲየም የተባለው የሳተላይት ስልክ ኩባንያ በ1999 እ.ኤ.አ. ከሰረ። ሳተላይቶቹ ሊወድቁ ሲሉ ያዳነው በ2000 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የአሜሪካ መከላከያ የገባው የ72 ሚሊዮን ዶላር የሁለት ዓመት ውል ነው። ስልካችን ላይ ያለው ጂፒኤስም የአሜሪካ የህዋ ኃይል ንብረት ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ጭነት የሚያደርስ ሹፌር በየቀኑ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ኩባንያ ለጦር አይሽጥ አልልም። ሲሸጥ ይለይ ነው የምለው። ደግሞ ይቻላል። ሉክሰምበርግ ከኤስኢኤስ ጋር በጋራ በ2018 እ.ኤ.አ. ጎቭሳት 1 የተባለ ለመንግሥትና ለመከላከያ ብቻ የሚያገለግል ሳተላይት አመጠቀች። ትንሽ አገር ናት። ለይታ መሥራት ችላለች።

እኛም ሰማይ ላይ የራሳችን ነገር ነበረን። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ስትመጥቅ እንጦጦ ላይ ሰው ተሰብስቦ አጨብጭቧል። 70 ኪሎ ያህል የምትመዝን፣ ስለ እርሻና ስለ አየር ንብረት መረጃ የምትልክ ነበረች። በዚያችው ዕለት አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የህዋ ኃይልን የሚያቋቁመውን ሕግ ፈረሙ። ያቺ ሳተላይት ግን ስልክ አታገናኝም ነበር። ለመገናኛ ዛሬም የሰው ነው የምንጠቀመው። የሰው ወርቅ ደግሞ አያደምቅም፤ ቢያንስ ባለወርቁ መቼ መልሶ እንደሚወስደው እንወቅ።

ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ፣ ሐይቅን አልፋችሁ፣ ውጫሌ አለች። እዚያ አጠገብ ይስማ ንጉሥ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 አንድ ውል ተፈረመ። አንቀጽ 17 የመገናኛ ጉዳይ ነበር። ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር የምትነጋገረው በማን በኩል ነው? አማርኛው በጣሊያን በኩል ይቻላል አለ። ጣሊያንኛው ግዴታ ነው አለ። ያንን ልዩነት ያወቅነው ከተፈረመ በኋላ ነው። መጨረሻው አድዋ ሆነ። እኔ በልጅነቴ ይህን ታሪክ ስማር የቃላት ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። አሁን ስልክ እየጠገንኩ ሳስበው፣ በሰው መስመር የመናገር ውል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባኛል።

የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሳተላይት ኢንተርኔት ለሚያመጣ ለማንኛውም ኩባንያ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት ሦስት ነገር እንዲጠይቅልን እፈልጋለሁ። ይህን መስመር ለየትኛውም አገር ጦር ትሸጣለህ ወይ? ከሸጥክስ የእኛ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ከዚያ የተለየ መስመር ላይ ናቸው ወይ? ማጥፊያው ደግሞ በማን እጅ ነው፣ በስንት ሰዓት ማስጠንቀቂያ፣ በምን ምክንያት? የእኛ መንግሥት ቢሆን ሊያጠፋ የሚችልበት ሁኔታም አብሮ ይጻፍ። እናቴ ስልኳን ከፍታ ስታይ የነበረችበትን ወር ማን ሊደግመው እንደሚችል የማወቅ መብት አላት።

መልሱ ቢሮ ውስጥ ተቆልፎ አይቅር። ውሉ ይታተም። በእንግሊዝኛም በአማርኛም፣ አንቀጽ በአንቀጽ፣ ጎን ለጎን።