የጋራዡ ጎረቤቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ለአነቃቂ ንግግር ትኬት ቆርጦ አዳራሽ የገባ ሰው የአፕል ኩባንያ መሥራች የስቲቭ ጆብስን ስም ሳይሰማ አይወጣም። ተናጋሪው ማይክ ጨብጦ መድረኩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ «ዩኒቨርሲቲ አቋረጠ፤ ጋራዥ ገባ፤ ዓለምን ቀየረ!» ይላል፤ ወጣቱ ያጨበጭባል። እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያለነውም ከዚህ አንሻልም። የልጅ ምረቃ ድግስ ላይ «እስቲ አንድ ነገር በሉን» የተባለ ጋሼ ሁሉ ከመጽሐፈ ምሳሌ ቀጥሎ የሚጠቅሰው ጆብስን ነው። ሰውየው በ2011 ካረፈ ወዲህ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ እዚህ አገር የከረመ ሰው አመል ነው) ገድል ተጽፎለታል። የገድል ችግሩ ጻድቁን ብቻ ማሳየቱ ነው። ጎረቤቶቹን አያሳይም።

ጋራዡ፣ ማለትም አፕል ተጀመረበት የሚባለው የቤተሰቡ መኪና ማቆሚያ፣ ያለው ካሊፎርኒያ፣ ሎስ አልቶስ ነው። አካባቢው መሐንዲስ የሞላበት ነበር። አሳዳጊ አባቱ ፖል ጆብስ የማሽን ሠራተኛ ነበሩና ከመሥሪያ ጠረጴዛቸው ላይ ለልጃቸው ቦታ ከፍለው ሰጡት። ልጁ ለትምህርት ቤት ሥራ ዕቃ ቢቸግረው የስልክ ማውጫ ገልጦ ሂውሌት ፓካርድ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ መሥራች ቢል ሂውሌትን ቤታቸው ደወለላቸው። ሰውየው ስልኩን አልዘጉበትም። ዕቃውንም ሰጡት፣ ትምህርት ሲዘጋ የሚሠራበት ሥራም ሰጡት። ባልንጀራው ስቲቭ ዎዝኒያክ የዚያው ኩባንያ ተቀጣሪ መሐንዲስ ነበር። አፕል በ1976 ሲመሠረት አንድ የሰፈር ኮምፒዩተር ሱቅ 50 ማሽን፣ አንዱን በ500 ዶላር ሊገዛቸው ተስማማ፤ መለዋወጫውን ደግሞ አቅራቢው በ30 ቀን ዱቤ ለቀቀላቸው። ጥቂት ቆይቶ ማይክ ማርኩላ የሚባል፣ ከቺፕ አምራቹ ከኢንቴል በወጣትነቱ ጡረታ የወጣ ሰው 250,000 ዶላር ይዞ መጣ። እንግዲህ ጋራዡ ውስጥ የነበሩት ሁለት ልጆች ብቻ አልነበሩም ማለት ነው።

ይህን የምለው የሰውየውን ሥራ ለማሳነስ አይደለም። አገር ቤት ያሉ ልጆች ታሪኩን ሰምተው ራሳቸውን ሲወቅሱ ስለማይ ነው። «እኛ ወኔ የለንም» ይላሉ። ወኔማ ሞልቷል። ዱቤም ቢሆን ሞልቷል፤ መርካቶ ዱሮም የሚንቀሳቀሰው በእምነትና በዱቤ ነው። ነጋዴው ለሚያውቀው ሰው ጣቃ ጨርቅ ያለ ወረቀት ይሰጣል። ለማያውቀው ወጣት፣ ያውም ገና ላልተሠራ ነገር ግን ማን ይሰጣል? ስልኩን አንስቶ የማያውቀውን ልጅ የሚያነጋግር ባለሀብትስ? ዘበኛውን አልፎ ጸሐፊዋ ጋ የደረሰ ልጅ ራሱ ዕድለኛ ነው።

የትምህርት ማቋረጡም ታሪክ ተቆርጦ ነው የሚነገረን። ወላጅ እናቱ ለማደጎ ስትሰጠው ልጁ ኮሌጅ እንዲገባ ቃል አስገብታ ነው። አሳዳጊዎቹ ቃላቸውን ጠብቀው ሪድ ኮሌጅ አስገቡት፤ ክፍያው ግን የዕድሜ ልክ ቁጠባቸውን ይበላ ጀመር። ልጁ ይህን አይቶ ከመዝገብ ወጣ እንጂ ከግቢው አልወጣም። በ2005 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለተመራቂዎች ባደረገው ንግግር እንደተናገረው ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ጓደኞቹ ክፍል ወለል ላይ እየተኛ፣ የለስላሳ ጠርሙስ በ5 ሳንቲም እየመለሰ፣ እሑድ እሑድ ደህና ምሳ ለማግኘት እስከ ሐሬ ክሪሽና የሂንዱ ቤተ መቅደስ 7 ማይል በእግሩ እየሄደ የወደደውን ትምህርት ገብቶ ይሰማ ነበር። ይህ ለእኛ እንግዳ ኑሮ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ኑሮ ነው። ቆሎ ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ፣ ውሻ እየተከላከለ ቅኔ ይቆጥራል፤ እጁ የተባረከለት ደግሞ ቁም ጸሐፊ ይሆናል። ጆብስም በዚያ ርሃብ መሀል ገብቶ የሰማው አንዱ ትምህርት የቁም ጽሕፈት ነበር፤ ፊደል እንዴት እንደሚቆም፣ በፊደልና በፊደል መሀል ምን ያህል ቦታ እንደሚተው።

ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ትምህርት ከአሥር ዓመት በኋላ በ1984 የወጣው የአፕል ኮምፒዩተር፣ ማኪንቶሽ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ፤ ዓይነቱ የበዛ፣ ስፋቱ የተመጠነ ፊደል ስክሪን ላይ ታየ። በማግስቱ ዓመት ሌዘር ማተሚያና ፔጅሜከር የሚባለው ፕሮግራም ሲጨመሩበት ትልቅ ማተሚያ ቤት ደጅ መጥናት ቀረ፤ አንድ ሰው በጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ሊያሰናዳ ቻለ። ዛሬ ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ ብሎ የሚኖር ሰው ሁሉ እንጀራው ከዚያ ይመዘዛል።

የእኛ ቁም ጸሐፊዎች ብራና ላይ የጻፉት ውበት ግን ወደ ስክሪን የተሻገረው በአብዛኛው በመንግሥት ዕቅድም በትልቅ ኩባንያ ገንዘብም አይደለም። ከሥራ መልስ በማታ በሠሩ ሰዎች ነው። ከዚያ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን ከታይፕራይተር ጋር ለማስታረቅ የደከሙ ሰው ናቸው። በኮምፒዩተር ዘመን ካሊፎርኒያ የኖሩትን ፍስሐ አጥላውን የመሰሉ ስደተኛ ባለሙያዎች የግዕዝ መጻፊያ ሠሩ፤ አገር ቤት ደግሞ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በየቢሮው ገቡ። በ1999 ኮምፒዩተሮች ሁሉ ፊደል የሚለዩበት መስፈርት፣ ዩኒኮድ 3.0፣ ፊደላችንን በዓለም መዝገብ ውስጥ አስገባ፤ ይህን ጽሑፍ ያለ ምንም ጭንቀት ስልካችሁ ላይ የምታነቡት በዚያ ምክንያት ነው። የሚገርመኝ የጆብስ ማሽን ራሱ አገር ቤት እምብዛም አለመድረሱ ነው። ውድ ነበር። ሐሳቡ ግን በሌላ ኩባንያ ኮምፒዩተር ተሳፍሮ ደረሰ። በየፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ታይፕራይተር ዘርግተው ማመልከቻ ይጽፉ ከነበሩት ሰዎች ጎን «የኮምፒዩተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ፤ ስንት ሴት ልጅ በዚያች ጠባብ ክፍል ቤተሰብ አስተዳደረች። ለእሷ አዳራሽ አልተከራየላትም።

እዚህ ያለነው ወላጆች ነገር ደግሞ ሌላ ትዝብት ነው። ልጆቻችንን ጆብስን አድንቁ እንላለን፤ ነርሲንግ ግን ተማሩ እንላለን። አንድ የማውቃቸው አባት፣ ታክሲ እየነዱ ሦስት ልጅ ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ጨዋ ሰው፣ ሴት ልጃቸው ዲዛይን ልማር ብትላቸው ሁለት ሳምንት አኮረፉ። እጃቸው ላይ የያዙት አይፎን ለምን እንዳማራቸው አልጠየቁም። አልፈርድባቸውም። አዳሩን ሲነዳ ያደረ ሰው ልጁ ደመወዝ ያለው ሙያ እንዲይዝ ቢፈልግ ነውር የለውም። አገር ቤት ደግሞ ምርጫው የአባትም የልጅም አይደለም፤ የ12ኛ ክፍል ውጤትና ምደባ ይወስኑታል። ለዓመታት በሠራው 70 በ30 በሚባለው ፖሊሲ አብዛኛው ተማሪ ወደ ሳይንስና ምሕንድስና እንዲሄድ ተደረገ። መሐንዲሱ በዛ፤ የጆብስ ልዩ ነገር ግን መሐንዲስ ሳይሆን ከመሐንዲስ ጎን የቆመ ሰው መሆኑ ነበር። አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የሚገባው ልጅ በቁጥር ትንሽ ነው፤ እሱንም ዘመድ «ታዲያ ሥራህ ምንድን ነው የሚሆነው?» እያለ ያሳቅቀዋል።

ወደ ታክሲው ልመለስ፤ የዚህ ሰው ፈጠራ የእኛን ሰው ኑሮ ከምንም በላይ የነካው እዚያ ላይ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ማለት ለረጅም ጊዜ ሐበሻ ማለት ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። እስከ 2008 ድረስ ከተማዋ በቀጠና ተከፋፍላ ሒሳብ የሚወሰነው በሜትር ሳይሆን በቀጠናው ቁጥር ነበር። ሾፌሩ መንገዱን በቃሉ ያጠና፣ ፈቃዱን በፈተና ያገኘ፣ ኤርፖርት ተሰልፎ ስለ አገሩ ፖለቲካ የሚከራከር ባለሙያ ነበር። አይፎን በ2007 መጣ፤ የመተግበሪያ መደብሩ አፕ ስቶር በ2008 ተከፈተ፤ በ2011 መጨረሻ በስልክ መተግበሪያ መኪና የሚያስጠራው ኡበር ከተማዋ ውስጥ ጀመረ። ያ ሁሉ የመንገድ ዕውቀት በአንድ ጊዜ ዋጋው ወረደ። ትናንት የመጣ ልጅ ካርታው እየመራው ከሃያ ዓመት ሾፌር እኩል ይሠራ ጀመር። ለአዲሱ ስደተኛ በረከት ሆነለት፤ ማንንም ሳይለምን ሥራ ያዘ። ለአዛውንቶቹ ግን ሙያቸው ነበር የፈረሰው። ስለ ፈጠራ በሚደረግ ንግግር ውስጥ የእነሱ ስም ተነሥቶ አያውቅም። ፈጣሪው ሰው ያሰበው እንዲህ ይሆናል ብሎ አልነበረም ይሉኛል፤ ልክ ነው፤ የጠፋው እንጀራ ግን ታስቦም ሳይታሰብም ያው ነው።

አዲስ አበባ ላይ ያው ሐሳብ ሲገባ መልኩ ተለወጠ። ሳምራዊት ፍቅሩ የምትባል ወጣት የሶፍትዌር ባለሙያ ከሥራ አምሽታ ስትወጣ ከኮንትራት ታክሲ ጋር በዋጋ መጨቃጨቁና ፍርሃቱ ሰልችቷት ራይድ የተባለውን የመኪና ጥሪ አገልግሎት መሠረተች። ስማርት ስልክ በሁሉም እጅ አለመኖሩን ስለምታውቅ ነገሩን መጀመሪያ በጽሑፍ መልእክት አስኬደችው፤ ኋላ 8294 ላይ በተራ ስልክ ደውሎ መኪና መጥራት ተለመደ። እዚህ አገር መተግበሪያ የሰውን ድምፅ አስቀረ፤ እዚያ የጥሪ ማዕከል ተከፍቶ ወጣቶች ስልክ ለማንሣት ተቀጠሩ። ደመወዙ አልበቃ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ ቪትዙን ይዞ ከሥራ ሰዓት በኋላ ወጣ። ሰማያዊና ነጭ ላዳ የሚነዱት ደግሞ እንደ እኛዎቹ አዛውንት አማረሩ፤ ይህ ብቻ በሁለቱም አገር አልተለየም። ለእኔ ከጆብስ መነቃቃት ማለት ይህችን የመሰለ ሥራ ነው። አንገቱ ድረስ ጥቁር ሹራብ ለብሶ መድረክ ላይ ቆሞ ስልክ ማሳየት ለማንም አይከብድም።

አይፎን ራሱ በሁለቱ አገር አንድ ዕቃ አይደለም። እዚህ በወር በወር እየተከፈለ የሚያዝ ስለሆነ ሕንፃ የሚያጸዳውም የሕንፃው ባለቤትም አንድ ዓይነት ይይዛሉ፤ ማንም አያየውም። አዲስ አበባ ውስጥ በጥሬ ገንዘብ ይገዛል፣ ካፌ ጠረጴዛ ላይ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጣል። አብዛኛው ሕዝብ የሚጠቀመው ግን እዚያው አገር የሚገጣጠመውን ቴክኖና መሰሎቹን ነው። እኛም ወደ አገር ቤት ስንሄድ ሻንጣችን ውስጥ የማን እንደሆነ በፕላስተር የተለጠፈበት ስልክ ይዘን እንገባለን። «አደራ፣ ሰማያዊው እንዳይሆን» የሚል ትእዛዝም አይጠፋም።

ስልኩ ደርሶም ጣጣው አያልቅም። ኢትዮጵያ በአፕ ስቶር የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች ባለስልኩ አካውንት ሲከፍት የሌላ አገር ነዋሪ ነኝ ይላል። የአሜሪካ ጎዳና ስምና ዚፕ ኮድ ያስገባል። ስልክ ጠጋኙ ልጅ አንድ አድራሻ በቃሉ ይዞ ለደንበኛው ሁሉ ይሞላል፤ አይተዋት የማያውቋት ቤት በወረቀት ላይ ስንት ነዋሪ እንዳላት እግዜር ይወቀው። በብር የሚከፈል ነገር የለም፤ የውጭ ካርድ ያስፈልጋል። መተግበሪያ የሠራ ልጅ ሥራውን ለመሸጥም፣ ገንዘቡን ለመቀበልም ብዙ ጊዜ ውጭ ያለ ዘመድ መፈለግ አለበት። እዚህ ያለ የ18 ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ ሳያስበው ይሠራል። የፈጠራ ልዩነት ሲባል ሰው ጭንቅላት ውስጥ ይፈልገዋል፤ እኔ ክፍያ ገጹ ላይ ነው ያየሁት።

የአክስቴ ልጅ ቦሌ አካባቢ በተከራያት ክፍል ቪዲዮ ያቀናብራል። መጀመሪያ ስልክ ላኩልኝ ይለኝ ነበር፤ አሁን ስልክ አይጠይቅም። የማቀናበሪያ ፕሮግራሙን ወርሃዊ ክፍያ በካርዴ እከፍልለታለሁ። ሰርጉ ሜሪላንድ ውስጥ ይደገሳል፤ ጥሬ ቪዲዮው ሌሊት ይላክለታል፤ መብራትና ኔትወርክ ባንድ ላይ በተገኙበት ሰዓት ይሠራዋል፤ ሙሽሮቹ ከጫጉላ ሽርሽር ሲመለሱ አልቆ ይጠብቃቸዋል። ዋጋውን ለእኔ ይሰጡኛል፣ የካርዴን ቀንሼ ቀሪውን እልክለታለሁ። እዚህ ያለ ባለሙያ ከሚጠይቀው በጣም ያነሰ ስለሆነ ሙሽሮቹ እርስ በርስ ስሙን ይቀባበላሉ። ባለፈው ወር ሥራው በዝቶበት ሁለት ጓደኞቹን ቀጠረ፤ ለእነሱም አካውንት እንድከፍት ጠየቀኝ።

«አድራሻውን ምን ብዬ ልሙላው?» አልኩት።

«ያንተኑ ነዋ፣ ጋሼ» አለኝ።