«እናንተስ ምን ትላላችሁ?»

ወገኖቼ፣ በታኅሣሥ 1999 ሠራዊታችን ሞቃዲሾ በገባ ሰሞን ከአንድ ክርስቲያን የሥራ ባልደረባዬ ጋር ምሳ እየበላን ነበር። የገና ጾም ስለነበር ሽሮው ለሁለታችንም ይሆናል፤ የሥጋ ነገር ሳይለየን ከአንድ ትሪ እንቆርሳለን። መሀል ላይ እጁን ገታ አደረገና «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» አለኝ። ከአጠገቤ ሌላ ሰው አልነበረም። ብቻዬን ተቀምጬ «እናንተ» ተባልኩ።

«አንተስ?» ቢለኝ ኖሮ የምመልሰው ነበረኝ። ሶማሊያ ከመግባቱ መውጣቱ እንደሚከብድ፣ የጎረቤታችን ልጅ መዝመቱን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ እንደነሣኝ እነግረው ነበር። «እናንተ» ሲለኝ ግን የጠየቀኝ ስለ ጦርነቱ አልነበረም፤ የማን ወገን እንደሆንኩ ነበር። «አላህ ሰላም ያውርድ» ብዬ አለፍኩት። ሞቃዲሾ የተያዘችው ታኅሣሥ 19 ነው፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ አረፋ ሆነ። በዚያ ዒድ ሰግደን ስንመለስ ስለ በግ ዋጋ ጮክ ብለን፣ ስለ ሶማሊያ ግን በሹክሹክታ ነበር የምናወራው። በገዛ አገራችን፣ በበዓላችን ቀን።

ጥያቄው አላረጀም። በታኅሣሥ 2016 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈርሞ ሞቃዲሾ ስትቆጣ፣ ወታደሮቻችን ከሶማሊያ ይውጡ አይውጡ የሚለው ክርክር ሲነሣ እንደገና ሰማሁት። ያኔ ወጣት የነበርኩት ሰው ዛሬ ልጆች አሉኝ፤ ጥያቄው ወደ እነሱ ወርዷል። ለዚህ ነው የምናገረው።

ክርስቲያን ወንድሞቼና እህቶቼ፣ መጀመሪያ ለእናንተ ልናገር። ጦርነቱ በተካሄደበት በዚያው በ1999 የሕዝብ ቆጠራ ተደርጎ ነበር፤ ሙስሊሙ 33.9 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ከሦስት ዜጋ አንዱን ለብቻው አቁሞ ስለ አገሩ ጦርነት «እናንተስ?» የሚለው «እኛ» ማን ነው? በኅዳር 1999 የተወካዮች ምክር ቤት መንግሥት አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ሲፈቅድ የተቃወሙ የምክር ቤት አባላት ነበሩ። ቃላቸው በፖለቲካ ሚዛን ተመዘነ፤ የሚደግፋቸው ደገፈ፣ የሚነቅፋቸው ነቀፈ። ያንኑ ቃል አንድ ሙስሊም ሻይ ቤት ውስጥ ቢናገረው ግን የሚመዘነው ቃሉ አይደለም፤ ስሙ ነው። ይህን ግፍ ግፍ ነው ብላችሁ ጥሩት።

የመንግሥት ሥጋት ከባዶ የተነሣ ነው አልልም። ያኔ ሞቃዲሾን ይዞ የነበረው የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት በመስከረም 1999 መጨረሻ ጂሃድ አውጆብናል፤ ከመሪዎቹ አንዱ ሐሰን ዳሂር አዌይስም ቀድሞ የአል ኢትሐድ አል ኢስላሚያ፣ የሶማሊያው የታጠቀ ድርጅት፣ የጦር አለቃ ነበሩ። ያ ድርጅት በሐምሌ 1988 አዲስ አበባ ላይ ምን እንዳደረገ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የትራንስፖርትና መገናኛ ሚኒስትሩን ዶክተር አብዱልመጂድ ሁሴንን በጥይት አቁስሎ ኃላፊነቱን ወሰደ። ጥይቱ ያረፈበት ሰው ማን ነበር? ሙስሊም ነበር፤ ሶማሌ ነበር፤ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበር። በሐምሌ 2014 አልሸባብ ድንበር ጥሶ ወደ ሶማሌ ክልል ሲገባ ፊት ለፊት የገጠመው የክልሉ ልዩ ኃይልም የሚሰግዱ፣ ረመዳንን የሚጾሙ ልጆች ነበሩ። አደጋው ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እኛን ነው። ጥርጣሬውም ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እኛን ነው።

በ1969 እና በ1970 የወረረን የዚያድ ባሬ ጦርስ ሃይማኖቱ ምን ነበር? በሶሻሊዝም የሚምል መንግሥት ነበር፤ ከወረራው ሁለት ዓመት ተኩል አስቀድሞ አሥር የሃይማኖት ሰዎችን ያስረሸነ መንግሥት። የሶማሊያን ነገር ሁሉ በእስልምና መስኮት ብቻ የምታዩ ሰዎች ታሪኩን ከግማሹ ነው የጀመራችሁት።

ጥርጣሬ ደግሞ በሻይ ቤት አይቀርም። በ2004 ሙስሊሙ በአወሊያ ትምህርት ቤት ጉዳይ ተነሥቶ «ድምፃችን ይሰማ» ሲል የጠየቀው መጅሊሱን በነፃነት ለመምረጥና መንግሥት በእምነቱ ጣልቃ እንዳይገባበት ነበር። በ2005 በመንግሥት ቴሌቪዥን የተላለፈ ዘጋቢ ፊልም ግን ይህን ጥያቄ ያቀረበውን ኮሚቴ የታሰሩ አባላት ገና ፍርድ ሳይሰጥ ከአልሸባብና ከመሰሎቹ ጋር አያይዞ አቀረባቸው። በ2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው፤ ኋላም ተፈቱ። ፊልሙን ያያችሁ ብዙዎች ናችሁ። አይታችሁም ከእኛ ጋር ቡና ለመጠጣት የፈራችሁ እንደነበራችሁ እኔ አውቃለሁ፤ ቤቴ ነበርና የደረሰው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልበላችሁ። ጂሃዱን ያወጁብን የፍርድ ቤቶቹ ኅብረት መሪ ሸኽ ሸሪፍ አህመድ ነበሩ፤ ባልደረባዬ ያን ቀን ሲጠይቀኝ በልቡ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ወታደሮቻችን በጥር 2001 ከሶማሊያ ወጡ። በዚያው ወር በ23 ጅቡቲ ላይ ሸኽ ሸሪፍ የሶማሊያ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ መንግሥታችንም አብሯቸው ሠራ። ሠራዊት ያዘመትንበት ጠላት በሁለት ዓመት ውስጥ ወዳጅ ሆነ፤ ይህ በመንግሥታት መካከል ያለ ነው፤ አልነቅፈውም። በጎረቤታችሁ ላይ የተከላችሁት ጥርጣሬ ግን ከዚያ በኋላም አልተነቀለም። ከጠላታችሁ ጋር የታረቃችሁትን ያህል ከእኛ ጋር ታረቁ።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከእናንተ ጋር ያለኝ ነገር ይበልጥ ይመረኛል።

በመጋቢት 1999 የወታደሮቻችን ሬሳ በሞቃዲሾ መንገድ ላይ ሲጎተትና ሲቃጠል ምስሉ ዓለምን ዞረ። በማግሥቱ ከመግሪብ ሶላት ወጥተን ጫማ ስናጠልቅ አንድ ሰው «ማን ሂዱ አላቸው?» ሲል ሰማሁ። የመለሰለት አልነበረም፤ እኔም አልመለስኩለትም። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የጠላትን ሬሳ እንኳ መቆራረጥን ከልክለዋል። የአይሁዳዊ ጀናዛ ሲያልፍ ተነሥተው ቆመው፣ አይሁዳዊ እኮ ነው ሲሏቸው «ነፍስ አይደለምን?» ብለዋል። ለማናውቀው ሰው ጀናዛ እንድንነሣ የታዘዝን ሰዎች ለገዛ ሰፈራችን ልጅ መነሣት አቃተን። ማን ሂዱ እንዳላቸው ሁላችንም እናውቃለን፤ ወታደር መርጦ አይዘምትም። ያዘመተውን ጠይቁ። የሞተውን ቅበሩ።

ሁለተኛው በደላችን ፍርሃታችን ነው። ወንድምህን በዳይም ይሁን ተበዳይ እርዳው ተብለናል፤ በዳይን እንዴት እንርዳ ሲባሉም ነቢዩ እጁን ከበደል በመያዝ ነው ብለዋል። እንግዲህ የሶማሊያው ሰው ወንድማችን ነው፤ ወታደሩም ወንድማችን ነው። በሚያዝያ 2000 ሞቃዲሾ ውስጥ በአል ሂዳያ መስጊድ 21 ሰዎች መገደላቸውን፣ ከነሱም መሀል ተብሊግ የተባለው የስብከት እንቅስቃሴ ዓሊሞች (ሊቃውንት) መኖራቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል ተናገረ፤ ያደረጉትም የኢትዮጵያ ወታደሮች ናቸው አለ። መንግሥት አስተባበለ። እኛ ምን አልን? በየቤታችን አለቀስን፤ በአደባባይ ግን «ይጣራ» የሚል አንድ ቃል አላወጣንም። ይጣራ ማለት ሠራዊትን መጥላት አይደለም። እውነት ከሆነ ጥፋቱን የሠራው ይጠየቃል፣ ሐሰት ከሆነ የወታደሩ ስም ይነጻል። ሁለቱም ለሠራዊቱ ይበጀዋል። ይህን በግልጽ ባለማለታችን ነው በሹክሹክታ የተናገርነው ሁሉ እንደ ሴራ የተቆጠረብን።

አልሸባብን በተመለከተ ብዙ አልልም። በኅዳር 2002 ሞቃዲሾ በሻሞ ሆቴል ሐኪም ሆነው የሚመረቁ ልጆችን በቦምብ የበላ፣ በጥቅምት 2010 በዞቤ መስቀለኛ መንገድ 587 ሰው ያለቀበት እልቂት የሚታሰብበት ድርጅት ነው። የሞቱት ሙስሊሞች ናቸው። ከጦርነቱ ጋር ያለንን ቅሬታ ለእነዚህ ሰዎች እንደ ምርኩዝ የሚያቀብል ሰው ካለ፣ ከእኛ አይደለምና ዝም አትበሉት።

የሰፈራችንን እናት ነገር ሳልነግራችሁ ግን አላበቃም። ስማቸውን አልጠራም። አንድ ልጃቸው ነበር የዘመተው፤ እንቅልፍ ነሣኝ ያልኳችሁ እሱ ነው። በ2000 ክረምት አብሮት የነበረ ጓደኛው ተመልሶ መጣና መውደቁን፣ እዚያው መቀበሩን ነገራቸው። ወግ ያለው መርዶ አልደረሳቸውም፤ ሬሳም አልመጣም። በዚያ ጦርነት ስንት ልጆች እንደወደቁ ለሕዝቡ በቁጥር አልተነገረም፤ ስለዚህ ሐዘናቸው ከማን ሐዘን ጋር እንደሚደመር እንኳ አያውቁም። ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ለቅሶ ደረሱ፤ እድሩም ድንኳን ጣለ። በዚያ ድንኳን ውስጥ ግን አንዷ ሴት ቀስ ብላ ሌላዋን «ልጁስ ከልቡ ነበር የሚዋጋው?» ስትል ሰምተዋል። ወደ መስጊድ ልከው ሶላተል ጋኢብ ይሰገድለት ሲሉ ደግሞ «ሙስሊም ሲወጋ ለሞተ እንዴት ይሰገዳል?» የሚል ተነሣ፤ ነገሩ ሲንከባለል ሳይሰገድለት ቀረ። ልጃቸው ለአንዱ ወገን እንደ ኢትዮጵያዊ ሳይታመን፣ ለሌላው እንደ ሙስሊም ሳይቆጠር ሞተ።

ሶላተል ጋኢብ ምን እንደሆነ ለማታውቁት፣ ጀናዛው በሌለበት ለሞተ ሰው የሚሰገድ ስግደት ነው። ዑለማዎች ይለያዩበታል፤ በአገራችን ብዙ ሰው የሚከተለው የሻፊዒ መዝሀብ (የሕግ መንገድ) ግን ይፈቅደዋል። መነሻውን ስሙልኝ። የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ በአገሩ ሲሞት ነቢያችን በመዲና ሆነው ለባልደረቦቻቸው መሞቱን ነገሩ፤ በረድፍ አሰለፏቸው፤ አራት ተክቢራ («አላሁ አክበር») አድርገውም ሰገዱለት። በሩቅ አገር ለሞተ ሐበሻ ነው ይህ ስግደት የተሰገደው። በየጉባኤው ነጃሺን የማያነሣ ኡስታዝ የለንም፤ ስደተኞቹን ተቀበለ፣ ፍትሕ ያውቅ ነበር እያልን እንኮራበታለን። የኮራንበትን ሰው የቀብር ስግደት ለአንድ የሐበሻ እናት ልጅ ነፈግን።

ኢማሞቻችን ሆይ፣ የጦርነቱን ሐላልነትና ሐራምነት እናንተ ተከራከሩበት፤ እኔ ዓሊም አይደለሁም። ሰውየው ግን «ላኢላሃ ኢለላህ» እያለ ያደገ፣ ደመወዙን ለእናቱ የሚልክ ልጅ ነበር። በልቡ የነበረውን የሚመረምር አላህ ብቻ ነው። በየሰፈሩ እንዲህ ያሉ እናቶች አሉ። በ2006 ሠራዊታችን በአፍሪካ ኅብረት ጥላ ሥር እንደገና ከገባ ወዲህም ተጨምረዋል።

እናንተ ክርስቲያን ጎረቤቶችም ወደ እነዚህ እናቶች ቤት ስትሄዱ ስለ ልጃቸው ጠይቁ። ትምህርት ላይ እንዴት እንደነበር፣ ምን ይወድ እንደነበር፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውል ምን እንዳለ። ለገዛ ወገናችሁ ልጅ ተዝካር ስታወጡ የምትጠያየቁትን ጠይቁ።

የፊታችን ጁምዓ፣ ኢማሞች፣ ሶላቱ አልቆ ሰው ሳይበተን ብድግ በሉና ሰውን መልሳችሁ አሰልፉ። በሶማሊያ ለወደቁ የሰፈራችሁ ልጆች አራት ተክቢራ አድርጉላቸው፤ በየስማቸውም ጥሯቸው። ስማቸውን ካላወቃችሁት፣ እናቶቻቸው በሴቶቹ በኩል ተቀምጠዋል፤ ጠይቋቸው።