ጉብኝቱ ከጉድጓዱ ይጀመር

በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ግዛት ከፊላደልፊያ ወደ ሰሜን ምዕራብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲነዱ፣ የሊሃይ ወንዝ ተራራውን ሰንጥቆ በሚያልፍበት ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ጂም ቶርፕ የምትባል ከተማ ትገኛለች። ነዋሪዎቿ 4,500 ቢሆኑ ነው። የድሮ ስሟ ሞክ ቸንክ ሲሆን የአገሩ ነባር ሕዝብ በሆኑት በሌናፔዎች ቋንቋ የድብ ተራራ ማለት ነው። «የአሜሪካ ስዊዘርላንድ» እያሉ ያስተዋውቋታል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው ጎብኚ መኪናውን አቁሞ የባቡር ባለሀብቱን የአሳ ፓከርን ቪላ ያያል፣ ብሮድዌይ በተባለው ጎዳና ላይ ቡና ይጠጣል፣ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ጎብኚ ከተማዋን ያበለጸገው የድንጋይ ከሰል ገንዘብ የፈሰሰበትን አይቶ የተገኘበትን ሳያይ ነው የሚሄደው።

ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ ባዮች ነን። ጠዋት ከተማዋን ትታችሁ በ209 ቁጥር መንገድ ወደ ላንስፎርድ ንዱ፤ 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። እዚያ «ቁጥር 9» የሚባለው የድንጋይ ከሰል ማውጫ አለ። በ1855 ተከፍቶ (ቀናቱም ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እስከ 1972 ሠርቷል። ትንሽ ባቡር 500 ሜትር ያህል ወደ ተራራው ሆድ ያስገባችኋል፤ ከዚያ በእግር ነው። ውጭ የሐምሌ ሙቀት ቢሆንም ውስጡ ከ11 ወይም 12 ዲግሪ ሴልሲየስ አያልፍም፣ ከጣሪያው ውኃ ይንጠባጠባል፣ መሬቱ ያዳልጣል። ሹራብና የማያንሸራትት ጫማ ያልያዘ ሰው አስጎብኚው የሚለውን ሳይሰማ መውጫውን ይናፍቃል። ሁለት ነገር በቅርብ እዩ፦ 210 ሜትር ቁልቁል የሚወርደውን የአሳንሰር ጉድጓድና ከዓለቱ ተፈልፍላ የተሠራችውን የሠራተኞች የሕክምና ክፍል። ሕክምና እዚያው ከመሬት በታች መዘጋጀቱ ሥራው ምን ዓይነት እንደነበር ይናገራል።

የዚህ አካባቢ ከሰል አንትራሳይት ነው፤ ጠንካራ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጭሱ ጥቂት። ችግሩ እሳት ቶሎ አለመያዙ ነበር። ጆሳያ ኋይትና ኤርስኪን ሃዛርድ ፊላደልፊያ አጠገብ በነበራቸው የሽቦ ፋብሪካ ሠራተኞቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆሰቁሱት አድረው፣ ተስፋ ቆርጠው የምድጃውን በር ዘግተው ሄዱ ይባላል። ጃኬቱን ረስቶ የተመለሰ አንዱ በሩ ፍም መስሎ አገኘው። አንትራሳይት ከሥሩ አየር ይፈልጋል፤ ከላይ ሲነካኩት ይጠፋል። የእንጨት ማገዶ የለመደ እጅ ያበላሸዋል።

ሁለቱ ሰዎች በ1818 ከተማዋን ቆረቆሩ። የወንዙ ውኃ ለጀልባ አነስተኛ ስለነበር በግድብ እያጠራቀሙ በሩን ድንገት ይከፍቱና ጀልባዎቹን በጎርፉ ላይ ይሰዱ ነበር። በ1820 በዚህ ዘዴ 365 ቶን ፊላደልፊያ ደረሰ። ወንዙን ሽቅብ መመለስ ስለማይቻል ጀልባው እዚያው ፈርሶ ጣውላው ይሸጣል።

በ1827 ደግሞ የከሰል ማውጫው ካለበት ከሰሚት ሂል እስከ ወንዙ 14 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሐዲድ ተዘረጋ። ከሰል የጫኑት ፉርጎዎች በራሳቸው ክብደት ቁልቁል ይንደረደራሉ፤ ፍሬን የሚይዝ ሰው ብቻ አለ። ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃቸዋል። ባዶዎቹን ሽቅብ የሚጎትቱት በቅሎዎች ናቸው፤ ያ ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ በቅሎዎቹም ከከሰሉ ጋር በፉርጎ ተጭነው ይወርዱ ነበር። አንዴ ከለመዱ በኋላ ቁልቁለቱን በእግራችን አንሄድም አሉ ይባላል። በ1840ዎቹ በቅሎዎቹን የእንፋሎት ሞተር ተካቸው። ሐዲዱ ከ1870ዎቹ ጀምሮ እስከ 1933 ጎብኚ ሲያመላልስ ኖሮ ተነቅሎ ለብረት ተሸጠ። ዛሬ በመናፈሻዎች ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚጮህበት የቁልቁለት ባቡር አንዱ አያት ይህ ነው።

ከቀትር በኋላ ወደ ከተማዋ ተመልሳችሁ ብሮድዌይን ሽቅብ ወደ አሮጌው እስር ቤት ውጡ። እስከ 1995 እስረኛ ነበረበት። ሰኔ 21 ቀን 1877 «ሞሊ ማጓየርስ» የተባለ ምሥጢራዊ ማኅበር አባላት ናችሁ፣ ሰው ገድላችኋል የተባሉ አራት አየርላንዳውያን እዚህ በአንድ ጊዜ ተሰቀሉ፤ በዚያው ቀን ፖትስቪል ላይ ሌሎች ስድስት። እስከ 1879 በዚህ እስር ቤት የተሰቀሉት ሰባት ደረሱ። ማኅበሩ ውስጥ ሰርጎ የገባውን ሰላይ ያስቀጠረው የባቡርና የከሰል ኩባንያ ነው። እዚህ ከከሰሱት አንዱ ቻርልስ አልብራይት የከሰል ኩባንያ ጠበቃ ነበር፤ ችሎት የቀረበውም የጄኔራል መለዮውን ለብሶ ነው። ስለ ጥፋተኛነታቸው የታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም አይስማሙም፤ መንግሥት ያዋጣው ችሎቱንና መስቀያውን ብቻ መሆኑ ግን አያከራክርም። ጎብኚው አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠፋው ክፍል 17 ግድግዳ ላይ ባለው፣ ቢታጠብም ቢለሰንም ይመለሳል በሚባለው የእጅ አሻራ ነው። ለአሻራው አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ የቀረውን ጊዜ ስለ ችሎቱ ለመጠየቅ አውሉት።

ቪላው አሁን ይታይ። ፓከር በ1805 ኮነቲከት ተወልዶ እዚህ በጀልባ ሥራ ጀመረ፣ ከዚያ የሊሃይ ቫሊን ባቡር መሥርቶ ከከበረ በኋላ በ1865 የሊሃይ ዩኒቨርሲቲን በ500,000 ዶላር አቋቋመ። ልጁ ሜሪ በ1912 ስትሞት ቤቱን ለከተማዋ ተወች፤ እስከ 1956 ተዘግቶ ስለቆየ ዕቃው የቤተሰቡ ነው። ከጉድጓዱ መጥቶ የሚያየው ሰው የተጠረበውን እንጨት በሌላ ዓይን ያያል።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። በጥቅምት ቅጠሉ ሲቀላ በቅዳሜና እሑድ ሸለቆው በመኪና ይታነቃል፤ ከረፋዱ በፊት ካልደረሳችሁ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ማቆሚያ ቦታ አትጠብቁ። በበረዶው ወራት ብዙው ስለሚዘጋ ሰዓቱን ቀድሞ መጠየቅ ነው። የሕፃን ጋሪ የሚገፉና ጉልበት የሚያማቸው ሰዎች ዳገቱንና ደረጃውን ይቁጠሩት።

ስትወጡ በ903 ቁጥር መንገድ በኩል ብትሆኑ ዳር ላይ የጂም ቶርፕን መቃብር ታገኛላችሁ። በ1912 ስቶክሆልም ላይ ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘው ሳክ እና ፎክስ ከሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የተወለደ አትሌት በሕይወቱ ይህችን ከተማ ረግጦ አያውቅም። ከሰሉ ሲሞት ሕዝቡ በሳምንት አምስት አምስት ሳንቲም እያዋጣ ሌላ መተዳደሪያ ይፈልግ ነበር፤ በ1954 ከመበለቱ ጋር ተስማምተው አስከሬኑንም ስሙንም ወሰዱ። ወንዶች ልጆቹ አባታችን ኦክላሆማ ይቀበር ብለው ከሰሱ፣ በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ። ከሥሩ የኦክላሆማ አፈር ተነስንሶለታል።