ማስተካከያ፦ ማብላያው ቢፈርስም ጉዳዩ አያልቅም

ባለፈው ሳምንት "ያረጀ የኒውክሌር ማብላያ አንዴ ከፈረሰ ወጪውም አደጋውም ያበቃል" ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። ያረመኝ እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ቡና እየጠጣን የፊዚክስ መምህር የሆነ ወዳጄ ነው።

በምሳሌነት ያነሳሁት የአሜሪካው ሜይን ያንኪ የተባለ የኒውክሌር መብራት ማመንጫ ጣቢያ በፈረንጆቹ 1997 ተዘግቶ በ2005 ፈርሶ አለቀ፤ ይሄ ልክ ነው። የዘለልኩት ግን ዋናውን ነገር ነው። ያገለገለው ነዳጅ አሁንም እዚያው ግቢ፣ ወፍራም ኮንክሪት በለበሱ 60 የብረት መያዣዎች ውስጥ ተቀምጧል፣ ምክንያቱም አገሪቱ ለእንዲህ ያለው ነዳጅ ቋሚ መቅበሪያ የላትም። ጣቢያው መብራት መሸጥ ካቆመ ቆይቷል፣ ጥበቃውና ቁጥጥሩ ግን ዛሬም ገንዘብ ይበላል። ነዳጁ ውስጥ ያለው ፕሉቶኒየም 239 የተባለ አደገኛ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ደግሞ ግማሹ እስኪከስም ብቻ 24,000 ዓመት ገደማ ይፈጃል!

"ያበቃል" ያልኩትን ሰርዙልኝ። ለተማሪዎች ያካፈላችሁም ይሄንን አብራችሁ ላኩላቸው።