«አለ» ብላችሁ የፈረማችሁበት ካሜራ

ወገኖቼ፣ የንግድ ሕንፃ ያላችሁ፣ መጋዘን የምታከራዩ፣ የገበያ ማዕከል የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ ይህ ተግሳጽ ለእናንተ ነው። ግድግዳችሁ ላይ የተሰቀለው ካሜራ ከሁለት ሳምንት በፊት የነበረውን ሌሊት አሁን ሊያሳያችሁ ይችላል? «እንዴታ!» ከማለታችሁ በፊት የመቅረጫውን ሣጥን ከፍታችሁ ፈልጉት። ባለሙያው ገጥሞት ከሄደ ወዲህ ብዙዎቻችሁ ሣጥኑን ዞር ብላችሁ አላያችሁትም።

በመድን ማመልከቻ ቅጽ ላይ «የደኅንነት ካሜራ አለ ወይ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ግን እጃችሁ አያመነታም። «አለ» ትላላችሁ፣ ትፈርማላችሁ፣ አረቦኑ (ለመድኑ የምትከፍሉት ገንዘብ) ዝቅ እንዲል ትጠብቃላችሁ። ያ «አለ» የውሉ መሠረት ይሆናል። በፖሊሲው (በመድን ውሉ ሰነድ) ውስጥ ካሜራው ዘወትር እየሠራ እንዲቆይ፣ ምስሉ ለተወሰነ ቀን እንዲቀመጥ፣ ብልሽት ሲያጋጥም ለመድን ሰጪው እንዲነገር የምታዝዝ አንቀጽ ልትኖር ትችላለች። አንብቧት የፈረመ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ።

የመድን ሕግ በቅን ልቦና ላይ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1766 በእንግሊዝ አገር በታየው የካርተርና የቦህም ክርክር ዳኛው ሎርድ ማንስፊልድ፣ መድን ገቢው ብቻ የሚያውቀውን ነገር ከመድን ሰጪው መሸሸግ ውሉን እንደሚያፈርሰው አስረድተዋል፤ ቃላቸው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የሚገርመው በዚያ ክርክር የረታው መድን ገቢው ነበር፤ መድን ስለተገባለት በሱማትራ ደሴት የነበረ ምሽግ ሁኔታ መድን ሰጪው ራሱ ሊያውቅ ይችል ነበር ተብሎ። በዚህ ግን አትጽናኑ። የእናንተ ሣጥን መቅረጽ ማቆሙን መድን ሰጪው በምን ያውቃል? በአንዱ አገር ውሉ ይፈርሳል፣ በሌላው ካሳው ይቀነሳል፣ በሌላው ደግሞ ጉድለቱ ከጉዳቱ ጋር መገናኘቱ ይመረመራል። «ካሜራ የለኝም» ብሎ እውነቱን የጻፈው ጎረቤታችሁ ሙሉ አረቦኑን ከፍሎ ካሳውን ሲቀበል፣ እናንተ ለጥቂት ቅናሽ ብላችሁ ሙግት ትገዛላችሁ።

አሁን ደግሞ ሒሳብ እንሥራ፤ የማትወዱት ነገር መሆኑን አውቃለሁ። አንድ ካሜራ በሴኰንድ 4 ሜጋቢት የሚልክ ከሆነ በቀን 43 ጊጋባይት ያህል ይሞላል። ስምንት ካሜራ ሲሆን በቀን 345 ጊጋባይት ገደማ ይደርሳል። ሻጩ በርካሽ የገጠመላችሁ ሃርድ ዲስክ ባለ 2 ቴራባይት ከሆነ ከስድስት ቀን በታች ይቆይና አሮጌውን እየደመሰሰ በላዩ ይጽፋል። የመጋዘኑ ዕቃ መጉደሉ የሚታወቀው ግን በወሩ መጨረሻ ቆጠራ ላይ ነው። የመድኑ ጉዳት መርማሪ መጥቶ ምስሉን ሲጠይቅ የምታሳዩት ያለፈውን ሳምንት ጸጥታ ይሆናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ፖሊሲያችሁ 30 ቀን የሚል ከሆነ ደግሞ በየቀኑ ውል እያፈረሳችሁ ነው የምታድሩት።

ምስሉ ተገኘ እንበል። ማን ይታይበታል? አይኢሲ 62676-4 የተባለው ዓለም አቀፍ የደኅንነት ካሜራ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2014 እትሙ የማይታወቅን ሰው ማንነት ለመለየት በአንድ ሜትር 250 ፒክሰል (የምስል ነጥብ)፣ የሚታወቅን ሰው ለማወቅ 125 ፒክሰል ይጠይቅ ነበር። ወርዱ 1920 ፒክሰል የሆነ ካሜራ 20 ሜትር ስፋት ያለውን ግቢ እንዲያይ ብትሰቅሉት በሜትር 96 ፒክሰል ብቻ ይደርሰዋል። ሰው መሆኑ ይታያል፤ ፊቱ አይታይም። ያንኑ ካሜራ ከሰባት ሜትር ተኩል በማይሰፋ መግቢያ ላይ ብታነጣጥሩት ፊት ይለይላችሁ ነበር። እናንተ ግን «ሁሉንም ይይልን» ትላላችሁ፤ ገጣሚውም ደንበኛ ላለማስቀየም እሺ ይላል። የሣጥኑ ሰዓት አንድ ሰዓት ወደኋላ መቅረቱንማ ማን አይቶ! ሰዓቱ የተሳሳተ ምስል በክርክር ላይ የተቃዋሚ መሣሪያ ነው። ባዶ ቀፎ ሰቅላችሁ «ካሜራ አለ» ብላችሁ የጻፋችሁትን ምን እንደምላችሁ አላውቅም።

ቅናሹንም ቢሆን አታጋንኑት። ካሜራ እሳት አያጠፋም፣ በርም አይቆልፍም። መድን ሰጪ የሕንፃውን አሠራር፣ በውስጡ የሚሠራውን ሥራ፣ የእሳት መከላከያውን፣ ከተቆጣጣሪ ማዕከል ጋር የተገናኘውን የማንቂያ ደወል አስቀድሞ ይመዝናል። አንዱ ለካሜራ ጥቂት ይቀንሳል፣ ሌላው ምንም አይቀንስም፣ ሌላው ደግሞ ያለ ካሜራ የስርቆት ሽፋን አልሰጥም ይላል። የካሜራ ዋና ጥቅም በኃላፊነት መድን (ሌላ ሰው በእናንተ ዘንድ ተጎዳሁ ብሎ ሲጠይቅ በሚሸፍነው) ላይ ነው፦ «ደረጃችሁ ላይ አንሸራቶኝ ወደቅሁ» የሚል ሰው ሲመጣ ወለሉ ደረቅ እንደነበር፣ የማስጠንቀቂያ ምልክቱም በቦታው እንደቆመ ታሳያላችሁ።

ወለሉ እርጥብ ከነበረስ? እዚህ ላይ ነው የብዙዎቻችሁ ነውር። ምስሉ ሲጎዳችሁ «ተደመሰሰ» ትላላችሁ። አደጋ መድረሱን እያወቃችሁ ማስረጃ ብታጠፉ ዳኛው የጠፋውን ምስል በእናንተ ላይ ሊተረጉመው ይችላል፤ መድን ሰጪውም እናንተን ለመከላከል የሚይዘው ነገር ያጣል። አደጋ በደረሰበት ዕለት ምስሉን ወደ ሌላ ማስቀመጫ ገልብጡ፤ ይጥቀማችሁም ይጉዳችሁም ለመድን ሰጪው አሳውቁ። ካሜራችሁን ልብስ መቀየሪያና መጸዳጃ ቤት ውስጥ የተከላችሁ ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ንቀሉ፤ የሚያመጣባችሁን ክስ መድናችሁ ላይሸፍነው ይችላል።

ሣጥኑ ተበላሽቶ ከሆነም «እስኪጠገን ዝም ልበል» አትበሉ። የተበላሸበትን ቀን፣ የትኛው ካሜራ እንደሆነና መቼ እንደሚጠገን ጠቅሳችሁ ለመድን ሰጪው በጽሑፍ አስታውቁ፣ የተቀበለበትንም ማረጋገጫ ከፖሊሲው ጋር አስቀምጡ።