እንግዳውን ከቡራኬ በኋላ የት ተዋችሁት?

ምእመናን ሆይ፣ ነገሩን ሳናለዝብ እንንገራችሁ። ቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ተቀባይ ናት ብላችሁ ታምናላችሁ። እርስ በርስ ስትተቃቀፉና ስትጠያየቁ ስለምትውሉ እውነት ይመስላችኋል። ያ ፍቅር ግን የሚዞረው በሚተዋወቁት መካከል ነው። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው ሰው ከዳር ቆሞ ያየዋል እንጂ አይደርሰውም። እንዲያውም የእናንተ ጨዋታ በደመቀ ቁጥር የእሱ ብቸኝነት ይብስበታል።

በር ላይ ብዙ ጊዜ አትታሙም። አስተናጋጅ አለ፣ ፈገግታ አለ፣ ሰላምታ አለ። እንግዳው የሚጠፋባችሁ ጉባኤው ከተሰናበተ በኋላ ባሉት አምስት ደቂቃዎች ነው። ቡራኬው እንዳለቀ ሁላችሁም ወደ ለመዳችሁት ሰው ትዞራላችሁ። እሱ ዙሪያውን ያያል፣ ስልኩን የሚፈልግ መስሎ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ውልቅ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ይህን ሥርዓት አድርጉት፦ በእነዚያ አምስት ደቂቃዎች ከወዳጃችሁ ጋር አታውሩ። ወዳጃችሁ አያመልጣችሁም፤ በሳምንቱ መካከል ታገኙታላችሁ፣ ትደውሉለታላችሁ። ከማታውቁት ሰው ጋር ብቻ ተነጋገሩ። በአገልግሎት ላይ ያላችሁም የመዘምራኑንና የኮሚቴውን ጉዳይ ለዚያች ሰዓት አታቆዩ፤ እናንተ ተሰብስባችሁ ከተንሾካሾካችሁ ሌላው ምእመን እናንተን ያያል።

ስትቀርቡት "አዲስ ነህ?" ብላችሁ አትጀምሩ። ለዓመታት ከኋላ ሲቀመጥ የኖረ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ሁለታችሁም ታፍራላችሁ። ስማችሁን አስቀድማችሁ ተናገሩና "ከዚህ በፊት አልተዋወቅንም መሰለኝ" በሉ። እሱም ስሙን ይነግራችኋል። ከተለያችሁ በኋላ ጻፉት፤ በሳምንቱ በስሙ ስትጠሩት የሚሰማውን ደስታ ምንም ስብከት አይሰጠውም። ትዳር አለህ ወይ፣ ስንት ልጅ አለሽ፣ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ለቃችሁ መጣችሁ፣ ምን ትሠራለህ የሚለውን ምርመራ ተዉት። ብዙ ሰው አዲስ ቤተ ክርስቲያን የሚፈልገው አንድ ነገር ሲፈርስበት ነው፤ ሞት፣ ፍቺ፣ ስደት ወይም ጠብ። ለእናንተ ተራ የመሰለው ጥያቄ በትክክል ቁስሉ ላይ ያርፋል። ማውራት የፈለገ ራሱ ይጀምረዋል፤ ዝም ያለውንም ዝም ብላችሁ አጠገቡ ሁኑለት።

ቀጥሎ ከአንድ ሰው ጋር አስተዋውቁት፤ ከአሥር ሰው ጋር አይደለም። የአሥር ሰው ስም በአንድ ቀን የሚይዝ የለም። ልጇ ከልጁ ጋር እኩያ የሆነች እናት፣ የሙያ ባልደረባው ወይም የሰፈሩ ሰው ይሁን። አሳዳጃቸው የነበረው ሳውል አምኖ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመጣ ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ፈርተውት ነበር፤ ይዞ ወደ ሐዋርያት ያስገባው በርናባስ ብቻውን ነው።

ስለ መቀመጫ በተለይ እንገሥጻችኋለን። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሶርያ እንደተጻፈ የሚታመነው ዲድስቅልያ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍ አንድ ዲያቆን በር ላይ ቆሞ የሚገቡትን እንዲያይ ያዛል። ድኻ ወይም መጻተኛ፣ ይልቁንም አረጋዊ፣ መጥቶ ቦታ ቢታጣ ኤጲስ ቆጶሱ ራሱ መሬት ላይ የሚቀመጥ ቢሆን እንኳ ቦታ እንዲያዘጋጅለት ይነግረዋል። ባለ ማዕረግ ሲገባ ግን ትምህርቱን እንዳያቋርጥለት ያስጠነቅቀዋል። እናንተ ግን "ይህ የእኔ ቦታ ነው" ብላችሁ የተቀመጠውን ታስነሣላችሁ! ቀድማችሁ የምትመጡ ወደ ፊትና ወደ መሐል ግቡ፤ የኋላውን ረድፍና የመተላለፊያውን ዳር ክፍት ተዉ። እንግዳ መንገዱን ስለማያውቅ ይዘገያል፤ ዘግይቶም በአሥር ሰው ጉልበት ላይ ተሻግሮ ለመግባት ይሸማቀቃል። አክብረነው ብላችሁ ከፊት አታስቀምጡት። መቼ እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚንበረከክ የሚያውቀው ከፊቱ ያሉትን አይቶ ነው። አጠገቡ ያላችሁ የመጽሐፉን ገጽ ገልጣችሁ ዝም ብላችሁ ዘርጉለት። "አዲስ የመጣችሁ ተነሡ" ብሎ በሕዝብ ፊት ማስቆምም ይቅር፤ ዓይን አፋሩን በሳምንቱ አታገኙትም።

ልጅ ሲያለቅስ ዞራችሁ አትዩ፤ ሕፃን ይዘው መቆየት የሚቻልበትን ቦታና መጸዳጃ ቤቱን ገና ሲገቡ ለእናትየው አሳዩአት። ከቅዱስ ቁርባን በፊት ማን እንደሚቀበልና የማይቀበል ምን እንደሚያደርግ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይነገር፤ ይህ ሳይነገር ቀርቶ መሠዊያው ድረስ ቀርቦ የተመለሰ ሰው ኀፍረቱን አይረሳም። ማስታወቂያ የምታነቡም "እንደተለመደው በተለመደው ቦታ" አትበሉ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የሚጠየቀውን ሰው ተናገሩ።

ስልኩን መስጠት ከፈቀደ በሁለት ቀን ውስጥ አንድ ሰው ይደውልለት፤ ለሴት ሴት፣ ለወንድ ወንድ። አምስት ሰው ከደወለለት ይሸሻል፤ ማንም ካልደወለለት ቁጥሩን ለምን እንደተቀበላችሁት ይገረማል። የመጀመሪያው ጥሪ ለምስጋና ብቻ ነው፤ መዋጮም አገልግሎትም አይነሣበት። ሳይፈቅድ በስልክ ቡድን ውስጥ አታስገቡት። ሳምንት ቀርቶ እንደሆነ "ናፍቀንሃል" በሉት እንጂ "ለምን ቀረህ?" አትበሉት።

በሌላ በኩል፣ ሰው አጥተናል ብላችሁ በሦስተኛ ሳምንቱ የሕፃናትን ክፍል አታስረክቡት። ማንነቱ ሳይታወቅ ለልጆች አደገኛ ነው፤ ቅን ሰው ከሆነም ሥር ሳይሰድ ይደክማል። ከወር በኋላ ግን አንድ ነገር ጠይቁት፦ "ስትመጣ ያጣኸው፣ ግራ የገባህ ምን ነበር?" ለእናንተ የማይታያችሁ ሁሉ ለእሱ ገና ይታየዋል። የትኛው በር መግቢያ እንደሆነ የሚያሳይ ጽሑፍ እንደሌለ፣ ድምፅ ማጉያው ከኋላ እንደማይሰማ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የመጣ ሰው ደረጃው ላይ እንደሚቀር ይነግራችኋል። የነገራችሁን ጻፉ፤ በዚያው ሳምንት አስተካክሉትና መልሳችሁ ንገሩት።